ስልኬን የት ላድርገው? ለድሬ መራጭ፣ ከቤት እስከ ኮሮጆ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሰፈራችን ያለው ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ተሰልፌያለሁ። የድሬን ሰኔ የሚያውቅ ለምን በዚያ ሰዓት አይለኝም። አራት ሰዓት ካለፈ ሰውን የሚያደክመው ሰልፉ ሳይሆን ፀሐይዋ ናት።

ከፊቴ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው የማይመስል ልጅ ነበር። ተራው ደረሰ። ስሙ መዝገቡ ላይ ተገኘ፣ ጣቱ ቀለም ተቀባ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመከለያው ጀርባ ገባ። ትንሽ ቆይቶ «ቸክ» የሚል ድምፅ ሰማን። ካሜራ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለች አስፈጻሚዋ።

«ምንም! እናቴ መምረጤን ካላሳየኸኝ ምሳ የለም ስላለችኝ ነው እኮ!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ፎቶውን አጥፋ፣ አላጠፋም፣ ስልክህን አሳይ፣ አላሳይም ተባለ። የጣቢያው ኃላፊ ተጠራ። የፓርቲ ወኪሎች ከወንበራቸው ተነሱ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «አቦ ልጆቼ፣ እኔ ስልክም የለኝ፣ ልምረጥና ልሂድ!» እያሉ ሲያጉረመርሙ ትዝ ይለኛል። በአንዲት ፎቶ ምክንያት ሰልፉ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ዘመድ ጎረቤቱ የሚጠይቀኝ ስለ ፓርቲ አይደለም። «ስልኬን ይዤ ልግባ?» ነው። አንድ በአንድ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ

ሁሉም ነገር የሚነሳው ከአንድ ቃል ነው፦ ምስጢር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ይናገራል። የምርጫ አዋጁም፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ይህንኑ ይዞ ነው የሚሄደው። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ድምፅ መግዛትን ከወንጀል ይቆጥራል። ዝርዝሩን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በመመሪያ ያወጣል፤ በየጣቢያው የሚያስፈጽሙት የጣቢያው ኃላፊና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስለዚህ በዕለቱ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፣ አስፈጻሚዎቹ የሚሉትንም ስሙ። የእኔ ጽሑፍ ከዚያ በላይ አይደለም።

ሐረር ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። በስድስተኛው ምርጫ እናንተ የመረጣችሁት ከእኛ ሦስት ወር ዘግይታችሁ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ቢሆንም፣ መከለያው ያው መከለያ ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት በሁለት ጉባኤ የተዋቀረ ስለሆነ ለአንዳንዶቻችሁ የሚሰጠው ወረቀት ሊበዛ ይችላል። በአንዱም ላይ ካሜራ አያስፈልግም።

አንደኛ ደረጃ፦ ከስልክ ወደ ወረቀት፣ ማታውኑ

አብዛኛው ሰው ስልኩን ይዞ የሚገባው ፎቶ ለማንሳት አይደለም። ሕይወቱ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። የመታወቂያው ፎቶ ስልኩ ውስጥ ነው። ፋይዳው ስልኩ ውስጥ ነው። የጣቢያው ቁጥር ቴሌግራም ላይ ነው። ሊመርጠው የፈለገው ዕጩ ስም ስክሪንሾት ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከስልክ ያላወጣ ሰው ስልኩን ቤት ሊተው አይችልም።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት ባለው ማታ ሦስት ነገር አድርጉ። የመራጭ ካርዳችሁንና የምታሳዩትን መታወቂያ ዋናውን ፈልጋችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ፋይዳችሁ በስልክ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አሳትሙት። ሰፈራችሁ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በምርጫው ጠዋት ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ ነው፣ ወይ መብራት የለም፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ሰልፍ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የጣቢያችሁን ስምና ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ በላይ ጣቢያ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ጣቢያ እስከ 1500 መራጭ ነው የሚይዘው። የተሳሳተ በር ላይ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ «ያንተ በዚያኛው በኩል ነው» መባል ምን እንደሚመስል የቆመ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ የዕጩውን ስምና የፓርቲውን ምልክት በጭንቅላታችሁ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ምልክቱ ታትሞ ስለሚቀርብላችሁ ብዙ አይከብድም። የማስታወስ ነገር የማይሆንላችሁ ከሆነ እናንተ ብቻ የምታውቁት ማስታወሻ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ አድርጉ። እዚያ ቆማችሁ ለሰው አታሳዩት እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማንበቢያ መነጽር። ከሃምሳ ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጽሑፍ የሚያነበው በስልኩ ካሜራ አጉልቶ ነው። አባቴ የመድኃኒት ወረቀት ሲያነብ እንዲሁ ነው። ይህንን መከለያው ጀርባ ካደረገው ከውጭ ለሚያየው ሰው ፎቶ እያነሳ ነው። መነጽራችሁን አትርሱ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ይዤ ልውጣ ወይስ ልተወው?

የእኔ ምክር፦ ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ ተዉት። ሰፈር ውስጥ ነው የምትመርጡት። ሁለት ሰዓት ያለ ስልክ መቆየት የሚያስጨንቅ ከሆነ ችግሩ ከምርጫ በላይ ነው።

መያዝ ግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ሕፃን ቤት የተወች እናት፣ በመሃል ሥራ የሚጠራው ባለ ባጃጅ፣ ታማሚ ያለው ሰው። ለእነዚህ ከሁሉ የሚሻለው በሁለት መሄድ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ሁለቱንም ስልክ ይዞ ውጭ ይጠብቃል። ከዚያ ይቀያየራሉ። እኔና ጎረቤቴ እንዲህ ነው የምናደርገው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ የምታውቁት ሱቅ ጋ አስቀምጡ፤ ስክሪኑን ቆልፋችሁ። ሰልፍ ላይ ለተዋወቃችሁት ሰው ግን አትስጡ። ሰውየው ሌባ ነው አላልኩም፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ግን ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። አስፈጻሚዎቹንም «ይህን ያዙልኝ» አትበሉ። ሥራቸው መዝገብና ሳጥን መጠበቅ ነው።

ይህ የስልክ ማስቀመጫ ነገር የእኛ ራስ ምታት ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ሞባይል ከምርጫ ጣቢያ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ክልክል ነበር፤ ሰው ስልኩን የት እንደሚያደርግ እየጨነቀው ሲመለስ የምርጫ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2025 በየጣቢያው በር ላይ የስልክ ማስቀመጫ እንዲዘጋጅ ወሰነ። እኛም ጋ አንድ ጠረጴዛና ባለ ቁጥር ከረጢት ቢኖር ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሰልፉ ላይ

ግቢው ውጭ ስትሰለፉ ስልክ መነካካት ለብቻው ጥፋት አይደለም። ሰዓት አዩ፣ ቤት ደወሉ፣ ማንም ምንም አይላችሁም። የሚያስቸግሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንዱ ቅስቀሳ ነው። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጽሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ያበቃል። በዕለቱ ጣቢያ አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሰው ቅስቀሳ ሲባል ሞንታርቦ የጫነ መኪና ብቻ ይመስለዋል። ስልካችሁ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ሞንታርቦ ነው። የጥሪ ድምፃችሁ የፓርቲ ዘፈን ከሆነ ቀይሩት። ስክሪናችሁ ላይ የዕጩ ፎቶ ካለ ለአንድ ቀን በልጃችሁ ፎቶ ተኩት። ሰልፍ ላይ ከፍ አድርጋችሁ የፓርቲ ቪዲዮ አትክፈቱ። «እኔ እኮ ዝም ብዬ እያየሁ ነው» ማለት አያድንም፤ አጠገባችሁ ያለው ሰውም እያየ ነው።

ሌላው የሰው ፊት ነው። ሰልፉ አምሮ ታይቷችሁ ቪዲዮ መቅረጽ ያምራችኋል። ቀፊራ የምትውለው ነጋዴ፣ ከዚራ ያለው ሠራተኛ፣ ከገንደቆሬ የመጡት አዛውንት፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው አንድ መስመር ላይ ሲደባለቅ በእውነት ያምራል። ግን ከእነዚያ ሰዎች መካከል ዛሬ እዚህ መቆሙ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ይኖራል። ከሥራ የቀረ ይኖራል። ከአካባቢው ሰው ጋር የተጣላ ይኖራል። ቲክቶክ ላይ ላይቭ መግባት ደግሞ የባሰው ነው፤ ምን እንደሚያልፍ ሳታውቁት ነው የሚያልፈው። ራሳችሁን ብቻ አንሱ፣ ወይ ተዉት።

ውኃ ያዙ። ጥላ ያዙ። ስልክ በዚያ ፀሐይ እጅ ላይ ሲቆይ ራሱ ግሎ ይጠፋል፤ ያኔ ሕጉን ሳትወዱ አከበራችሁ ማለት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ በሩ ላይ ማጥፋት፣ ሳይለንት ማድረግ አይደለም

ስልኩን ይዛችሁ ከመጣችሁ ደፉን ከመርገጣችሁ በፊት አጥፉት። ሙሉ በሙሉ።

ለምን ሳይለንት አይበቃም? ሳይለንት የሆነ ስልክ ብዙ ጊዜ አላርም ያስጮሃል። ኤሮፕሌን ሙድም ቢሆን አላርምን አይከለክልም። የአዛን አፕ የጫነ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ዙህር ሲደርስ ስልኩ የት እንዳለ አይጠይቅም። የጸሎት ሰዓት ማስታወሻም እንደዚያው። በዝምታ መዝገብ በሚገለበጥበት ክፍል ውስጥ ኪስ ሲጮህ፣ ባለቤቱ በድንጋጤ ስልኩን መዝዞ ሲያወጣና ስክሪኑን ሲዳብስ፣ ከሩቅ የሚያየው ታዛቢ ምን ይበል?

የባለ ቁልፎቹ ትንንሽ ስልኮች ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ብዙዎቹ ጠፍተውም አላርማቸው ሲደርስ ራሳቸው ተነስተው ይጮኻሉ። አላርሙን ማታውኑ ሰርዙት፣ ወይ ባትሪውን አውጡት።

ድሬ ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተባት ከተማ ናት፤ ነሐሴ 2014 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲም ብቻ ሳይሆን ሁለት ስልክ የሚይዝ ሰው በዝቷል። አንዱን አጥፍቶ «ጨርሻለሁ» ብሎ የሚገባና የኋላ ኪሱ የሚጮህበት አለ። ኪሳችሁን ሁሉ ዳብሱ።

ስልክ ብቻ አይደለም። ስማርት ሰዓትም ስልክ ነው፤ ይደውላል፣ መልእክት ያሳያል፣ አንዳንዱ ይቀርጻል። አውልቃችሁ ከስልኩ ጋር ተዉት። ኢርፎን ከሁለቱም ጆሯችሁ አውጡ። ጆሮው ላይ ነጭ ነገር ሰክቶ ከመከለያ ጀርባ የቆመን ሰው ሳይ እኔም ራሴ «ማን እየነገረው ነው?» ማለቴ አይቀርም። ካሜራ ያለው መነጽር ያላችሁ ጥቂቶች፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ሰው ግን ማውለቅ የለበትም። ስኳሩን በስልክ የሚከታተልም እንዲሁ አለ። እነዚህ ገና በሩ ላይ ለአስፈጻሚው ቀድመው ይናገሩ። «ይህ የመስሚያ መሣሪያዬ ነው» ብሎ በጊዜ ማሳየትና ውስጥ ከገቡ በኋላ ተጠይቆ ማስረዳት በጣም ይለያያሉ።

አምስተኛ ደረጃ፦ መከለያው ጀርባ

ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ልጁ ያነሳው ፎቶ ምን ችግር አለው? ወረቀቱ የራሱ፣ ድምፁ የራሱ፣ ስልኩም የራሱ። ምስጢሩን ራሱ ካወጣው ማን ምን አገባው?

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ «እሺ» የምትለው ቃላችን ናት። እኛ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አይሆንልንም። አጎት ሲያዝ እሺ ነው። አለቃ ሲጠይቅ እሺ ነው። የሰፈር ትልቅ ሰው ቤት መጥቶ ቡና ጠጥቶ «እንግዲህ ልጆቼ፣ የኛን ሰው አትርሱ» ሲል ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ እሺ ይላል። ከዚያ ሁሉም በየራሱ ልብ ይሄዳል። ሰው ለሁሉም እሺ ብሎ ልቡ ያለውን ብቻ የሚያደርግበት፣ ማንም ደግሞ «ለምን ዋሸኸኝ» ሊለው የማይችልበት አንድ ቦታ ቢኖር ያ መከለያ ነው። ምስጢር ማለት ለእኔ ይህ ነው። ብትፈልጉ እንኳ ማስረጃ ማቅረብ አትችሉም። ስለዚህ ማንም ማስረጃ አምጣ አይላችሁም።

ፎቶ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ፎቶ ደረሰኝ ነው። ድምፅ የሚገዛ ሰው ዕቃው እጁ እንደገባ ሳያረጋግጥ ብር አይከፍልም፤ ፎቶው ያረጋግጥለታል። «መጀመሪያ ፎቶውን ላክ፣ ብሩን በስልክ እልክልሃለሁ» ሊል ይችላል። ከገዢው ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ አስፈራሪው ነው። ፎቶ ማንሳት የሚቻል ከሆነ አለቃ ሠራተኛውን፣ ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን «አሳየኝ» ሊል ይችላል። የማያሳይ ደግሞ አለማሳየቱ ራሱ መልስ ይሆንበታል። አስር ሰው በደስታ ያነሳው ፎቶ አስራ አንደኛውን ያስገድደዋል። የልጁ እናት ምሳ ነው የከለከሉት፤ ቀልድ ነው። ደመወዝ የሚከለክልም ይኖራል።

ለዚህ ነው ብዙ አገር በዚህ ላይ የጠነከረው። ጣሊያን ማፊያ ድምፅ ሲገዛ ፎቶ እንደ ደረሰኝ መጠየቁ አስግቷት እ.ኤ.አ. በ2008 ሞባይልም ካሜራም ወደ ድምፅ መስጫ ክፍሉ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች፤ የተገኘበት ሊታሰርም ይችላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍሉ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ከለከለች። ናይጄሪያም ስልክ ይዞ መከለያ ጀርባ መግባትን ከልክላለች። በአሜሪካ ቴክሳስ ድምፅ ከሚሰጥበት ቦታ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ውስጥ፣ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ኒው ሃምፕሻየር የምትባለው ግዛት የድምፅ ወረቀት ፎቶ መለጠፍን ብትከለክል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይነካል ብሎ ሕጉን ሻረው። ለእነሱ ይሁንላቸው። እኛ ጋ እንኳን ፎቶ፣ «ለማን ሰጠህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የሚያጣላበት ሰፈር አለ።

ስለዚህ ከመከለያው ጀርባ የምትሠሩት ይህ ነው፦ ወረቀቱን ዘርጉ፣ የ«X» ምልክት አድርጉ ወይም የጣት አሻራ አሳርፉ፣ እጠፉ፣ ውጡ። ስልክ የሚነካ እጅ የለም። ባዶውን ወረቀት ማንሳትም አይሆንም። የተበላሸውንም አይሆንም። ከተበላሸ አጥፋችሁ ለአስፈጻሚው መልሱና ሌላ ጠይቁ።

ክፍሉ ከጨለመባችሁ የስልክ መብራት አታብሩ። የድሮ መማሪያ ክፍል ማታ ላይ ጨለማ ይሆናል። በ2013 ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር፤ ያኔ የመብራት ነገር ችግር መሆኑ አይቀርም። «አይታየኝም፣ መብራት አምጡልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ማየት የማይችል ወይም ሌላ ጉዳት ያለበት ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። የረዳቱም ስልክ ግን ውጭ ይቅር።

«ፎቶ ካልላክህ» የሚላችሁ ሰው ካለ

ይህ በአንዳንድ ቤት እውነት ነው፤ ስለዚህ ሳልነካው አላልፍም። መልስ አዘጋጁ። የሚቀለው ሕጉን ማሳበብ ነው፦ «ስልክ አያስገቡም፣ በር ላይ ነው የሚያስጠፉት» በሉ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ስልኩን በእርግጥ ቤት ትቶ መሄድ ነው። ያኔ መዋሸት እንኳ አያስፈልግም። ጠያቂው ራሱ ቤት የቀረውን ስልክ ያየዋል።

ገንዘብ የሚያቀርብ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ መልእክቱን አታጥፉት። የላከውን እንዳለ አስቀምጡና ለጣቢያው ኃላፊ፣ ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አሳዩ። ስልክ ምርጫን የሚጠብቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ከአስፈጻሚ ጋር ከተጋጫችሁ

ይደርሳል። ኪሳችሁ ጮኸ፣ ወይ ሰዓቱን ረስታችሁ ገባችሁ፣ ወይ ፎቶ አነሳህ ተብላችሁ አላነሳችሁም። አትጩኹ። «የጣቢያውን ኃላፊ ላናግር» በሉ። ጣቢያው ውስጥ ሥርዓት የማስከበር ሥልጣኑ የእሳቸው ነው። ጥፋታችሁ እውነት ከሆነ ይቅርታ ጠይቃችሁ ስልኩን ውጭ ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡና ተመለሱ። በደል ደርሶብኛል ካላችሁ ቅሬታችሁን እዚያው አስመዝግቡ። ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ቁጥር፣ ማን ምን እንዳለ ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ የሚታወሰው ንዴቱ ብቻ ነው። አንድ ነገር አታድርጉ፦ ክርክሩን ለመቅረጽ ስልክ እዚያው ክፍል ውስጥ አታውጡ። የሌላው ሰው ወረቀት ከኋላ ይታያል።

ወኪል፣ ታዛቢ፣ ጋዜጠኛ

ለእናንተ አጭር ነው። የቦርዱን ባጅ አንገታችሁ ላይ አድርጉ፣ ገብታችሁ መጀመሪያ ለኃላፊው ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። መከለያውንና ምልክት የተደረገበትን ወረቀት በምንም ማዕዘን አታንሱ። ወኪሎች ሆይ፣ ማን መጣ ማን ቀረ እያላችሁ ከወንበራችሁ ለጽሕፈት ቤታችሁ መልእክት መላክ አይሆንም። መራጩ ስሙ ሲጠራ የእናንተ ጣት ስክሪን ላይ ሲሮጥ ያያል። ስልክ መደወል ካስፈለጋችሁ ወደ ውጭ ውጡ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከወጣችሁ በኋላ

አሁን ነፃ ናችሁ። ቀለም የነካ ጣታችሁን ከግቢው ወጥታችሁ እንደፈለጋችሁ አንሱ። ለእናታችሁም ላኩላት፣ ምሳችሁን ትሰጣለች። ጣት መምረጣችሁን እንጂ ማንን እንደመረጣችሁ አይናገርም።

የመራጭ ካርዳችሁን ግን አብራችሁ አትለጥፉ። ስማችሁ አለበት፣ ቁጥር አለበት። ማንነትን መስረቅ እንዲህ ቀላል በሆነበት ጊዜ ፌስቡክ ላይ መታወቂያ መለጠፍ የቤት ቁልፍ ከበር ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። ደግሞም «እኛ ሰፈር እገሌ እየመራ ነው» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ። ሳጥኑ ሳይከፈት ማን እየመራ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ስልኩ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት

ድምፅ መስጫው ሲያበቃ ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ይካሄዳል። ሲጠናቀቅ ወኪሎች ውጤቱ ላይ ይፈርማሉ፣ ውጤቱም ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ይህ ወረቀት የእናንተ ነው። የተለጠፈውም እንድታዩት ነው። ከውጭ ቆማችሁ አንሱት።

ስታነሱ ሙሉውን ወረቀት ከነጠርዙ አስገቡ። የጣቢያው ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ዕጩ ድምፅ፣ የተበላሸው ወረቀት ብዛት፣ ፊርማና ማኅተሙ መነበብ አለባቸው። አንዱ ከተቆረጠ ፎቶው ለክርክር እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። ፍላሽ አጥፉ፤ ፕላስተሩ ላይ ያበራና ቁጥሩን ያጠፋዋል። ጨለማ ከሆነ አንዱ ከጎን መብራት ይያዝ፣ ሌላው ያንሳ። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱና እዚያው አጉልታችሁ ተነባቢ መሆኑን እዩ። ለሰው ስትልኩም የጣቢያውን ስም ጽፋችሁ ላኩ። የአንድ ጣቢያ ውጤት መሆኑን አትርሱ፤ አሸናፊ የሚያውጀው ቦርዱ ነው።

በ2013 ቆጠራው ሌሊቱን አልፎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በጣቢያው አጠገብ አለፍኩ። በሩ ላይ ጥቂት ሰዎች ቆመው ወረቀቱን ያነባሉ። ያ ልጅ ከኋላቸው ቆሟል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ሲያየኝ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄንንስ ማንሳት ይቻላል?» አለኝ።

«ይሄንንማ አንሳ» አልኩት። «ቁጥሩ እንዳይቆረጥብህ ብቻ።»